«ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት፦ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳስት የስህተት መዝገብን ማጣራት

በአርሲ፣ በአሰላም ሆነ በኢተያ፣ በሳጉሬና በበቆጂ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱም በትምህርት ቤቱም በብዛት የምናገኘው ኮምፒውተር ያገለገለ ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ የኢንቴል 4ኛ፣ 5ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ 11ን በአቋራጭ መጫን የተለመደ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ግን ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 በፊት የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን በዊንዶውስ 11 አይደግፍም።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በሥራ መሀል ጠፍቶ ይነሣል። ጠጋኙ የስህተት መዝገቡን ወይም በተለምዶ ሎግ የሚባለውን ይከፍታል፤ ቀይ ምልክትና «ፕሮሰሰር» የሚል ቃል ያያል፤ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። ባለንብረቱ ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳማ ወይም 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይወርድና ዕቃ ይገዛል። ዕቃው ይገጠማል፤ ማሽኑ በማግስቱም ያንኑ ያደርጋል። ገንዘቡም ጊዜውም የባከነው መዝገቡ የተናገረውን ሳያጣሩ በማመን ነው።

የዚህ መመሪያ ሕግ አንድ ነው፦ ብልሽቱን ራሳችሁ ስትፈጥሩትና ራሳችሁ ስታቆሙት ሳታዩ ዕቃ አትግዙ፤ ደንበኛንም አታስገዙ። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደዚህ ማረጋገጫ የሚያደርሱ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቁ፤ ገንዘብ የማይጠይቁት ፊት፣ ዕቃ የሚያስገዙት ኋላ ተደርድረዋል።

የሚያስፈልጋችሁ

• ሁለት ፍላሽ፦ አንዱ መዝገቡንና የደንበኛውን ፋይል ለመቅዳት፣ ሌላው ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሆኖ ኡቡንቱ ሊኑክስን ወይም ሜምቴስት 86ን ለማስነሣት።
• ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ላጲስ፣ ትንሽ ተርማል ፔስት።
• መልቲሜትርና አዲስ ሲአር 2032 የባዮስ ባትሪ።
• በደንብ እንደሚሠራ የምታውቁት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ራምና አንድ የሳታ ገመድ።
• ደብተርና እስክሪብቶ። ምን እንደነካችሁና መቼ እንደነካችሁ ካልጻፋችሁ፣ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ የትኛው እርምጃ ለውጥ እንዳመጣ ማወቅ አትችሉም።

ደረጃ 1፦ «አይደገፍም» እና «ተበላሽቷል» የሚሉትን ለዩ

«ይህ ፕሮሰሰር ለዊንዶውስ 11 አይደገፍም» የሚል መልእክት ስለ ማሽኑ ጤና ምንም አይናገርም። ማይክሮሶፍት በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ፈትኖ ኃላፊነት አልወሰደም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የማሽኑን ማንነት ጻፉ። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይገኛል። ስሙ ውስጥ 4590 ካለ 4ኛ ትውልድ፣ 5300 ካለ 5ኛ፣ 6500 ካለ 6ኛ ትውልድ ነው። ከውጭ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፤ ያገለገለ ማሽን ውስጥ ፕሮሰሰር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ አጣሩ። የመጀመሪያው፣ ማሽኑ ኮር ቱ ዱኦ ከሆነና የዊንዶውስ 11 24ኤች2 እትም አልነሣ ካለ ብልሽት አትፈልጉ። ያ እትም ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት የሚባሉ ትእዛዞችን የግድ ይፈልጋል፤ ኮር ቱ ዱኦ ደግሞ የሉትም። ሁለተኛው፣ ማዘርቦርዱ ራሱ የማያውቀው ፕሮሰሰር ተገጥሞ እንደሆነ ነው። ሶኬት 1151 ላይ 6ኛና 7ኛ ትውልድ አብረው ይሄዳሉ፤ ሆኖም 7ኛው የባዮስ ማሻሻያ ሊጠይቅ ይችላል። 8ኛ ትውልድ እዚያው ሶኬት ላይ ቢቀመጥም በፊተኞቹ ቦርዶች ላይ አይሠራም። በተቀየረ ፕሮሰሰር ምክንያት የመጣ ችግር የሚፈታው በቦርዱ አምራች ዝርዝር ውስጥ ወዳለ ፕሮሰሰር በመመለስ ነው።

ደረጃ 2፦ ምንም ሳትነኩ መዝገቡን ቅዱ

የስታርት ምልክቱን በቀኝ ተጭናችሁ ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ፤ «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም» ውስጥ ግቡ። በቀኝ በኩል «ሴቭ ኦል ኢቨንትስ አዝ» የሚለውን መርጣችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ይህ አስፈላጊ የሆነው መዝገቡ ሲሞላ የቆየውን ስለሚያጠፋና ፎርማት ከተደረገ በኋላ ማስረጃው ስለማይመለስ ነው።

ቀጥሎ «ፊልተር ከረንት ሎግ» ብላችሁ «ክሪቲካል»፣ «ኤረር» እና «ዋርኒንግ» የሚሉትን ሦስቱንም ምረጡ። ብዙዎች ቀዩን ብቻ መርጠው ቢጫውን ይተዋሉ። ራሳቸውን ያረሙ የሃርድዌር ስህተቶች የሚመዘገቡት ግን በቢጫ ነው፤ ትልቁ ፍንጭ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ የመዝገቡን ሰዓት ከደንበኛው ሰዓት ጋር አስታርቁ

ደንበኛው «ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠፋብኝ» ሲል መዝገቡ ላይ የምትፈልጉት 14፡00ን ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሳያሰሉ መዝገብ የሚያነቡ ሰዎች ከብልሽቱ ጋር ምንም የማይገናኝ መስመር ይዘው ሲደክሙ ይውላሉ። የቀኑንም ልዩነት አስቡ፤ መዝገቡ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከዚያ የሰዓት ክልሉን እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን በፓሲፊክ ሰዓት ላይ እንደተተወ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ከእኛ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለኢትዮጵያ የሚስማማው ናይሮቢ የሚለው፣ ሦስት ሰዓት የሚደመርበት ክልል ነው። ዊንዶውስ ክስተቶችን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ ክልሉን ስታስተካክሉ የድሮዎቹ መስመሮች ሰዓትም አብሮ ይስተካከላል።

ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ግን የባዮስ ባትሪው አልቋል። አዲስ ሲአር 2032 ባትሪ 3 ቮልት ነው፤ ከ2.7 በታች ከወረደ ቀይሩት። በዚያ ጊዜ የተመዘገቡት ቀኖች የተሳሳቱ ስለሆኑ የክስተቶቹን ቅደም ተከተል በቀን ሳይሆን «ዲቴይልስ» ውስጥ ባለው የመዝገብ ተራ ቁጥር አስሉ። ያለቀ ባትሪ የባዮስ ምርጫዎችንም ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሳል። የዲስኩ አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚለው ወደ ሬይድ ከተመለሰ ዊንዶውስ ዲስኩን አጥቶ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ጤነኛ ዲስክ በዚህ ምክንያት እንዳይጣል መጀመሪያ ባዮሱን እዩ።

ደረጃ 4፦ የማያሳስቡትን መስመሮች ለዩ

በጤነኛ ማሽን ላይ እንኳ የቀይና የቢጫ መስመር አይጠፋም። የሚከተሉት ብዙ ሰው ይደነግጥባቸዋል።

• ቁጥር 10016፣ ምንጩ ዲስትሪቢዩትድ ኮም፦ የፕሮግራሞች የፈቃድ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ጉዳት እንደሌለው አስታውቋል።
• ቁጥር 1796 ወይም 1801፣ ምንጩ ቲፒኤም-ደብልዩኤምአይ፦ ስለ ሴኪዩር ቡት ቁልፎች መታደስ የሚናገር ነው። ሴኪዩር ቡት በተዘጋበት ወይም ባዮሱ ባረጀበት ማሽን ላይ ደጋግሞ ይወጣል። የተበላሸ ዕቃ አለ ማለት አይደለም።
• ቁጥር 37፣ ምንጩ ከርነል-ፕሮሰሰር-ፓወር፦ «የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በፈርምዌር ተገድቧል» ይላል። ይህ ፕሮሰሰሩ ደክሟል ማለት ሳይሆን ሌላ ነገር ይዞታል ማለት ነው። ዴል ላፕቶፕ ላይ በቅድሚያ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። የዴል ቻርጀር በመሀለኛዋ ቀጭን ፒን ማንነቱን ለማሽኑ ያሳውቃል፤ ማሽኑ ካላወቀው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባትሪውንም አይሞላም። በሌላ ዋና ቻርጀር ሞክሩ። መስመሩ ከቆመ ጉዳዩ አልቋል። ካልቆመ ወደ ደረጃ 7፣ ወደ ሙቀቱ ሂዱ።

እነዚህን ከዝርዝሩ ስታወጡ የሚቀራችሁ ጥቂት ነው። ሥራው የሚጀምረው በእነሱ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥር 41ን ከመብራቱ ጋር አመሳክሩ

«ከርነል-ፓወር 41» ከሁሉም በላይ የሚያሳስት መስመር ነው። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ተነሥቷል። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። የተጻፈበት ሰዓትም ማሽኑ የጠፋበት ሳይሆን እንደገና የተነሣበት ነው። የጠፋበትን ሰዓት ለማግኘት በአቅራቢያው ያለውን ቁጥር 6008 ክፈቱ፤ ሰዓቱ በጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሷል።

ቀጥሎ የ41ን «ዲቴይልስ» ክፈቱና «በግቼክ ኮድ» የሚለውን አንብቡ። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ምንም ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም፤ ወይ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይ ማሽኑ ደርቆ ቀርቷል፣ ወይ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶታል። ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊ ስክሪን ነበር። ልብ በሉ፦ እዚህ የሚጻፈው ቁጥር በተለመደው አቆጣጠር ሲሆን ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለው በ16 መሠረት ነው። እዚህ 292 የሚለው እዚያ 124 ነው፤ የሃርድዌር ስህተት ማለት ነው። 159 ከሆነ አንድ ድራይቨር የኃይል ለውጥን፣ ለምሳሌ መተኛትና መንቃትን፣ ማስተናገድ አቅቶታል፤ ባልተደገፈ ማሽን ላይ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። 26 ከሆነ ወደ ማህደረ ትውስታው ያመለክታል። ቁጥሮቹን ለመቀየር የዊንዶውስ ካልኩሌተር ውስጥ «ፕሮግራመር» የሚለውን ተጠቀሙ።

ኮዱ ዜሮ ሲሆን መብራቱን መርምሩ። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት ላይ ኃይል ሲቋረጥበት የሚታገሠው 16 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ የእኛ መብራት አንድ ዙሩ ብቻ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አምፖሉ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሊነሣ የሚችለው ለዚህ ነው።

አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሁኔታ እንውሰድ። ኮምፒውተሩና ሌዘር ፕሪንተሩ በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል ሲያሞቅ በአንዴ ብዙ መቶ ዋት ይስባል። ገመዱ ቀጭን ወይም ሶኬቱ የላላ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ መዝገቡም 41 ብሎ ይጽፋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን በሌላ የግድግዳ ሶኬት ሰክታችሁ 30 ገጽ አትሙ። ካልጠፋ ወደ ዲቫይደሩ መልሳችሁ ሌላ 30 ገጽ አትሙ። ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ መፍትሔውም ደህና ገመድና የተለየ ሶኬት ነው። ፕሪንተሩን ግን ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ለዚያ ጭነት አልተሠራም።

ዩፒኤስ ካለ እሱንም ፈትኑ። ክፍት ሥራ ሳይኖር ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉት። ማሽኑ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ሞቷል፤ ከዚያ ወዲያ ዩፒኤሱ ከዲቫይደር አይለይም። ሶኬቱን በመልቲሜትር ስትለኩ 220 ቮልት አካባቢ ማግኘት አለባችሁ፤ ሰው መብራት በብዛት በሚጠቀምበት ምሽት ላይም ደግማችሁ ለኩ። በቀጥታ ኃይል ላይ መለካት ካልለመዳችሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

ደረጃ 6፦ የሃርድዌር መስመሮችን በቁጥራቸው አንብቡ

ምንጫቸው ዊያ-ሎገር የሆኑ መስመሮች ከሃርድዌሩ የመጡ ናቸው፤ ስማቸው የሚጀምረው በደብልዩ፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤ ፊደላት ነው። አራት ቁጥሮችን ለዩ።

ቁጥር 17፦ «ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሩት ፖርት» ይላል። ራሱን ያረመ የመስመር ስህተት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከዚያ መስመር ጫፍ ባለው ካርድ ላይ፣ ማለትም ዋይፋዩ፣ ግራፊክስ ካርዱ ወይም ኤስኤስዲው ላይ ነው። ካርዱን ነቅላችሁ አጽዱና መልሱ። ካልቆመ በ«ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ኃይል ቁጠባን ዝጉና ለአንድ ቀን ተከታተሉ። በቁጥር 17 ብቻ ፕሮሰሰር አይቀየርም።

ቁጥር 18፦ ያልታረመ፣ ማሽኑን የጣለ ስህተት ነው። የሚጻፈው ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ነው። በውስጡ ያለውን «ኤፒክ አይዲ» በየጊዜው ጻፉ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ የፕሮሰሰር ኮር ያዘነብላል። በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ኃይልን፣ ሙቀትንና ራምን አስቀድሙ። «ፕሮሰሰር ኮር» የሚለው ስህተቱን ያስተዋለው ማን እንደሆነ እንጂ ያመጣው ማን እንደሆነ አይናገርም።

ቁጥር 19፦ ራሱን ያረመ የፕሮሰሰር ስህተት ነው። ባለ 4ኛ ትውልድ ማሽን የሚጠግን ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ እዚህ አለ። «ኢንተርናል ፓሪቲ ኤረር» የሚል ከሆነ «ዲቴይልስ» ውስጥ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የባንክ ቁጥሩ 0 መሆኑን፣ የስታተሱ ረጅም ቁጥር ደግሞ «ኤፍ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ በ0005 ማለቁን። ሁለቱም ከተሟሉና ፕሮሰሰሩ 4ኛ ወይም 5ኛ ትውልድ ከሆነ፣ ኢንቴል ራሱ በጉድለት ዝርዝሩ ውስጥ ያሰፈረው ሐሰተኛ ምዝገባ ነው። ለዴስክቶፕ 4ኛ ትውልድ ኤችኤስዲ 131 በሚል ቁጥር ተመዝግቧል፤ ኢንቴልም ያለ ሥጋት ሊታለፍ እንደሚችል ጽፏል። የሊኑክስ ከርነል ይህን መስመር አጣርቶ ይጥለዋል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ልታገኙት ትችላላችሁ። ቁጥሩ ከዚህ የተለየ ከሆነ ወይም ፕሮሰሰሩ የሌላ ትውልድ ከሆነ ይህ ምሕረት አይሠራም፤ ወደሚቀጥሉት ደረጃዎች እለፉ።

ቁጥር 47፦ የታረመ የማህደረ ትውስታ ስህተት ነው። የሚታየው ኢሲሲ ራም ባላቸው ሰርቨሮችና ዎርክስቴሽኖች ላይ ነው። ተራ የቢሮ ኮምፒውተር የራም ስህተትን ማየት ስለማይችል አይመዘግብም። ስለዚህ መዝገቡ ስለ ራም ዝም ማለቱ ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሙቀትና አቧራን በአርሲ ከፍታ መዝኑ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ኤችፒ በዴስክቶፕ ሰነዶቹ ላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ማሽን በአሰላ ከፍታ 27 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። አገሩ ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅም ብላችሁ አትዘናጉ፤ በስንዴና በገብስ አጨዳ ወቅት የገለባው ብናኝ ሂት ሲንኩን ሲደፍነው ያች ትንሽ ትርፍም ታልቃለች።

ኤችደብልዩ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱን እያያችሁ ማሽኑን 20 ደቂቃ ከባድ ሥራ አሠሩት። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ከ90 በላይ ከወጣ ክፈቱና አጽዱ። ከቤት ውጭ፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ በብሩሽና በብሎወር አንሡ፤ ፋኑ በነፋሱ እንዲሽከረከር አትፍቀዱ። ወደ ጎሚስታ ወስዳችሁ በጎማ ኮምፕረሰር አታስነፉት፤ ውሃና ዘይት ይዞ ይገባል። የደረቀውን ተርማል ፔስት ጠርጋችሁ የስንዴ ፍሬ በምታህል ጠብታ ተኩት። ከዚያ ያንኑ የ20 ደቂቃ ሥራ ድገሙና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ብርድ ያደረበትን ማሽን ሰው ወደሞላበት ሞቃት ክፍል አስገብታችሁ ወዲያው አትክፈቱ። ጤዛ ይይዛል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ደረጃ 8፦ ራምንና ዲስክን በየራሳቸው ፈትኑ

ማሽኑን ከመብራት ንቀሉ፣ የመክፈቻ ቁልፉን ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አውጡ፣ ራሞቹን አንሡ። የመዳብ ጥርሳቸውን በላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ። አንዱን ብቻ አስገብታችሁ በሜምቴስት 86 አራት ዙር ፈትኑ፤ ከዚያ ሌላውን በዚያው ስሎት። አንዱ ራም ስህተት ካሳየ በሌላ ስሎትም ሞክሩት፤ ስህተቱ ራሙን ከተከተለ ራሙ፣ በስሎቱ ከቀረ ቦርዱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መፈተን ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ይህን አይነግራችሁም።

ለዲስኩ መዝገቡ ላይ ቁጥር 7፣ 51፣ 129 እና 153 ፈልጉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። የተተኩ ወይም መተካት የሚጠብቁ ክፍሎች ቁጥር ከዜሮ በላይ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ መጀመሪያ የደንበኛውን ፋይል ቅዱ፤ ሌላው ምርመራ ከዚያ በኋላ ነው። የሚጨምረው «ሲአርሲ» የሚባለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ዲስኩን አትጣሉ፤ የሳታ ገመዱን ቀይሩና ቁጥሩ መቆሙን ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ከዊንዶውስ ውጭ አስነሡት

ኡቡንቱን በፍላሽ አስነሥታችሁ ሳትጭኑት ያንኑ ሥራ ለሁለት ሰዓት ያህል አሠሩት። ዊንዶውስ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ የሚወድቅ ማሽን እዚህ ሳይወድቅ ከቆየ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ይሄዳል። ያን ጊዜ የአምራቹን የቺፕሴትና የዲስክ ድራይቨር፣ ለዚያው ሞዴል በተሰጠው የዊንዶውስ 10 እትም ጫኑ። እዚህም ከወደቀ ዊንዶውስ ነፃ ነው፤ ወደ ደረጃ 5፣ 7 እና 8 ተመለሱ።

ሊኑክስም የሚያሳስት መልእክት አለው። ኤምሲኢሎግ የሚባለው የቆየ መሣሪያ አዲስ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሲያገኝ «ይህን ፕሮሰሰር አልደግፍም» ብሎ በስህተት መልክ ይጽፋል። አንዳንድ የኢንቴል ሞዴል ላይ ደግሞ አጠቃላዮቹን ስህተቶች ብቻ እንደሚተረጉም ያስታውቃል። ሁለቱም ስለ መሣሪያው እውቀት እንጂ ስለ ፕሮሰሰሩ ጤና አይናገሩም። በእሱ ፋንታ ራስዴሞንን ተጠቀሙ።

ደረጃ 10፦ አንድ ብቻ ቀይሩ፣ መልሱ፣ ፍረዱ

እስካሁን የቀረ ጥርጣሬ ካለ ደህና መሆኑን በምታውቁት ዕቃ ተኩ፦ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ፣ ቀጥሎ ራም፣ ቀጥሎ ዲስክ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። ማሽኑ ከዳነ አሮጌውን ዕቃ መልሱና ብልሽቱ ሲመለስ እዩ። ይህን ሁለተኛ ግማሽ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው። ዕቃ ሲነቀልና ሲሰካ የላላ ግንኙነት ይጠብቃል፤ ብልሽቱ በዚያ ብቻ ሊጠፋ ስለሚችል አሮጌው ዕቃ ያለ ጥፋቱ ይጣላል።

የተለመዱ ስህተቶች

• መዝገቡን ሳይቀዱ ፎርማት ማድረግ። ማስረጃው ይጠፋል፤ ብልሽቱ ይቀራል።
• በአንድ ቀን ራም፣ ፔስትና ድራይቨር ቀይሮ «ዳነ» ማለት። የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።
• መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ያለ ዩፒኤስ ባዮስ ማደስ። መሀል ላይ ከተቋረጠ ቦርዱ ላይነሣ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ይሰካ።
• «ድራይቨር አዳሽ» ነን የሚሉ ፕሮግራሞችን ማስገባት። ድራይቨር ከአምራቹ ብቻ ውሰዱ።
• ቀይ መስመር እያሳየ ገንዘብ የሚጠይቅን የማይታወቅ ደዋይ ማመን። እነዚያ መስመሮች በማንኛውም ማሽን ላይ ይገኛሉ።

ምርመራችሁን ስትጨርሱ ለደንበኛው በግማሽ ገጽ ጻፉለት፦ መዝገቡ ምን አለ፣ ምን ፈተናችሁ፣ ብልሽቱ በምን ተፈጠረ፣ በምን ቆመ። ነገ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ቢሄድም ከመጀመሪያው አይጀምርም። እናንተ የምትጠግኑ ሰዎች ይህን ልማድ ብታደርጉት፣ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት የብዙ ወር ቁጠባ የሆነው ገንዘብ ላልተበላሸ ፕሮሰሰር አይወጣም። ፕሮሰሰር ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ በራሱ የመበላሸት ዕድሉ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት።